የሚያልፈውን ስለ መጠበቅ

ሰው በእጁ የሠራው ሁሉ ኃላፊና ጠፊ መሆኑን የሃይማኖት መምህራን ሲያስተምሩ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ምስክሮችን ይጠራሉ፤ እነርሱም ልብስን የሚበላው ብልና ብረትን የሚበላው ዝገት ናቸው። ወንጌላዊው ማቴዎስ በምድር ላይ መዝገብ የማከማቸትን ከንቱነት ያስረዳው በእነዚሁ በሁለቱ ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብም ድኻውን የበደሉ ባለጠጎችን ሲገሥጽ የወርቃቸውና የብራቸው ዝገት ራሱ ምስክር ሆኖ እንደሚነሣባቸው ጽፏል። እንግዲህ ዝገት በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ የዚህ ዓለም ኅልፈት ምስክር ሆኖ ከቆመ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ዝገትን በመመርመርና ብረትን፣ መዳብን፣ አሉሚኒየምን፣ በሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረውንም የአርማታ ብረት ከጥፋት ለማዳን በመድከም የሚያሳልፉት ሊቃውንት ሥራቸው ምን ይባላል? ፈጣሪ ኃላፊ አድርጎ ያበጀውን እኛ ዘለዓለማዊ እናደርጋለን ብለው የተነሡ ትዕቢተኞች ናቸውን? ወይስ መጨረሻው ሽንፈት መሆኑ አስቀድሞ በታወቀ ጦርነት ውስጥ በከንቱ የሚደክሙ ናቸው? ወይስ ደግሞ እኛ ገና በሚገባ ያላስተዋልነው ሌላ ነገር በሥራቸው ውስጥ አለ?

ይህ ጥያቄ የጥቂት ሊቃውንት ጥያቄ ብቻ መስሎ የሚታየው ላይ ላዩን ሲመለከቱት ነው። ሐኪም ነገ የሚሞተውን ሰው ዛሬ ያክማል፤ ገበሬ ጎርፍ ሊወስደው ያሰፈሰፈውን አፈር በእርከን ያግዳል፤ ቁም ጸሐፊ ምስጥና እርጥበት የሚያጠፉትን መጽሐፍ፣ አዲስ ብራና ፍቆና ቀለም በጥብጦ ይገለብጣል፤ እርሱ የገለበጠውም ብራና በተራው እንደሚያረጅ አይሰወረውም። እነዚህ ሁሉ መጨረሻውን እያወቁ የሚደክሙ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያልፈውን ነገር መጠበቅ ከንቱ ነው ብንል በከንቱነት የምንከሰው የብረትን ሊቅ ብቻ ሳይሆን አደራ ተቀብሎ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ነው። እኔም የዝገትን ሊቃውንት ሥራ ለዚህ ጥያቄ መመርመሪያ አድርጌ የመረጥሁት፣ የእነርሱ ድካም ከሌላው ይልቅ ጥያቄውን ገልጦ ስለሚያሳይ፣ በቤተ ሙከራም ያገኙት እውነት ብዙ ጊዜ፣ ሳያስቡት፣ የነገረ መለኮት መምህራን ወደ ቆሙበት ደጃፍ ስለሚያደርስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ ዝገት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ብረት በምድር ሆድ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ሰው ይህን ድንጋይ ከከሰል ጋር በብርቱ እሳት ውስጥ ጨምሮ ኦክሲጅኑን ሲያስለቅቀው ብረት ይወለዳል፤ እሳቱም ካፈሰሰው ኃይል ከፊሉ በተወለደው ብረት ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ብረት ወደ ቀድሞ ማደሪያው ያዘነበለ ነው፤ ውሃና አየር ባንድነት ባገኙት ጊዜ ሁሉ፣ በእሳት የተቀበለውን ኃይል ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ፣ እንደ ገና ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ ወደ ቀይ አፈርነት ይመለሳል። ዝገት የምንለው ይህን መመለስ ነው።

ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን ቀብቶ የላከው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ፣ ፍጥረት ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ ስለ ሆነ በባሕርዩ ወደ አለመኖር እንደሚያዘነብል፣ ሰውም ከሙስና ተጠብቆ ይኖር የነበረው በተሰጠው ጸጋ እንጂ በገዛ ባሕርዩ እንዳልነበረ ያስተምራል። እርግጥ ነው፣ ሊቀ ጳጳሱ የጻፈው ስለ ሰው ነው፤ ብረት ሕግ አያፈርስም፣ ስለ በደሉም አይጠየቅም፤ ወደ አፈር ሲመለስ የተፈጠረበትን ሥርዓት መፈጸሙ ነው። ነገር ግን የሁለቱ ነገር አካሄድ አንድ ነው፦ በስጦታ ከፍ ያለ ነገር፣ ስጦታው ሲቋረጥበት ወደ ወጣበት ዝቅታ ይመለሳል። ብረት የሰውን ድካምና የእሳትን ኃይል ተቀብሎ ድልድይ፣ ማረሻ፣ ምሰሶ ሆነ፤ ድልድይ ሆኖ እንዲኖር ግን አንድ ጊዜ የተደከመው ድካም አይበቃውም። ከዚህ የተነሣ መሥራትና መጠበቅ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ አንዱ ታላቅ ሌላው ታናሽ የሆኑ ሁለት ሥራዎች አይደሉም፤ መጠበቅ የመሥራት መቀጠል ነው።

የብረት መመለስ እንዴት እንደሚፈጸም አጥርተው ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመራመሩ የኖሩት እንግሊዛዊው ኡሊክ ሪቻርድሰን ኢቫንስ (1889–1980) ናቸው። እኚህ ሰው በ1920ዎቹ ያደረጉት አንድ ሙከራ ማንም ተማሪ ሊደግመው የሚችል ነው። ተወልውሎ በጸዳ የብረት ገጽ ላይ አንዲት የጨው ውሃ ጠብታ ትቀመጣለች፤ በጠብታይቱ ውስጥ ሁለት መልክ ለዋጭ ቅመሞች አሉባት፤ አንደኛው ብረት በሚሟሟበት ስፍራ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ኦክሲጅን ሥራውን በሚሠራበት ስፍራ ሮዝ ይሆናል። በመጀመሪያ ሰማያዊውና ሮዙ ነጠብጣብ በጠብታይቱ ሥር ያለ ሥርዓት ተበታትኖ ይታያል፤ ጥቂት ሲቆይ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ከአየር ጋር በሚዋሰነው ዳር ዳሩ የሮዝ ቀለበት ይዞራል፤ አየር እምብዛም በማይደርስበት በመካከሉ ሰማያዊው ይሰበሰባል፤ በሁለቱም መገናኛ ላይ ቡናማ የዝገት ቀለበት ይወጣል። በዚህች ትንሽ ጠብታ ሥር፣ ከመካከል ወደ ዳር፣ በብረቱ ውስጥ ለውስጥ ኤሌክትሮን ይፈሳል፤ ጠብታይቱ ሳትታወቅ የኤሌክትሪክ ባትሪ ሆናለች።

ከዚህ ሙከራ የሚገኘው ትምህርት ሰው በተለምዶ ከሚገምተው ጋር የሚቃረን ነው። አየር ብረትን የሚያዝገው ከሆነ ብረቱ አብዝቶ የሚበላው አየር በበዛበት ስፍራ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ዳሩ ግን አብዝቶ የሚበላው አየር ባጠረበት፣ በመካከል በተሸሸገው ስፍራ ነው፤ ቡናማውም ዝገት የሚታየው ብረቱ ከተበላበት ቦታ ፈንጠር ብሎ ነው። ስለዚህ በቡሎን ራስ ሥር፣ በሁለት ሳንቃዎች መጋጠሚያ፣ በደረቀ ጭቃና በተላጠ ቀለም ሥር ያለው ብረት፣ ፊት ለፊት ዝናብ ከሚመታው ብረት ይልቅ ያሰጋል፤ የጥፋት ምልክት የሚታይበት ቦታና ጥፋቱ ራሱ ያለበት ቦታም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ነገር የነፍስ አባቶች ከቤተ ሙከራ በፊት ያውቁት ነበር፤ አስተዋይ የንስሓ አባት የልጁን በደል ሲሰማ በተነገረው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ወደ አልተነገረው፣ ብርሃን ወደማይገባበት ጓዳ ቀስ ብሎ ያልፋል። ጠባቂ ለመሆን የሚወድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊማረው የሚገባው ነገር፣ ዓይን ከሚያርፍበት ይልቅ ዓይን የማይደርስበትን መጠርጠር ነው።

ኢቫንስ የጥፋትን መንገድ ከገለጡ በኋላ፣ ቤልጂጋዊው ማርሴል ፑርቤ (1904–1998) የጥፋትንና የመዳንን አገር በካርታ ሣሉት። በ1945 በሆላንድ በዴልፍት ከተማ ባቀረቡት ጽሑፍ መሠረቱን ያኖሩለትና በ1963 በትልቅ ጥራዝ ያወጡት ይህ ካርታ፣ በአንድ ወገን የውሃውን ኮምጣጣነት፣ በሌላ ወገን የብረቱን የኤሌክትሪክ ግፊት ይዞ፣ እያንዳንዱ ማዕድን በየትኛው ሁኔታ ምን እንደሚሆን ያመለክታል። በካርታው ላይ ሦስት ግዛቶች አሉ፤ በመጀመሪያው ማዕድኑ ይሟሟል፤ በሁለተኛው ገጹ በስስ ሽፋን ተከልሎ ይጠበቃል፤ በሦስተኛው ጥፋት ከቶ አይነካውም። ወርቅ በተራ ውሃ ውስጥ ሲኖር ይህን ሦስተኛውን ግዛት የያዘው ከተፈጥሮው ነው፤ ብረት ግን በተራ ውሃና በተራ አፈር ውስጥ ወደዚያ ግዛት በራሱ ሊገባ አይችልም። በመሬት ውስጥ የተቀበረ የነዳጅ ቧንቧ ወደዚያ የሚጠጋው ከውጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲሰጠው ነው፤ ያም ጅረት ቀንና ሌሊት ሊሰጠው ይገባል፤ ቢቋረጥ ብረቱ ወደ ዝንባሌው ይመለሳል። ሊቃውንቶቻችን በባሕርይ ያለውን ክብርና በጸጋ የተገኘውን ክብር ለይተው ሲያስተምሩ ለኖሩን ለእኛ፣ ይህ ልዩነት እንግዳ አይሆንብንም። በጸጋ የሚኖር ነገር የሚኖረው ዕለት ዕለት በመቀበል ነው፤ ትናንት የተቀበለው ለዛሬ አይሆነውም።

በመካከለኛው ግዛት ያለው ምሥጢር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቅ ነው። በ1836 በስዊስ አገር በባዝል የሚያስተምሩት ክርስቲያን ሾንባይን ለእንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ጻፉላቸው። ብረት ውሃ በበዛበት ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ እየተንተከተከ ይሟሟል፤ ውሃ ባልበዛበት በብርቱው አሲድ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ከበረ ማዕድን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ፋራዳይ ነገሩን መርምረው፣ የብረቱ ገጽ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ መከለያ ሳያበጅ አልቀረም ሲሉ ገመቱ፤ ዓይን የማያየውን ያንን ሽፋን ከብረቱ ላይ ገፍፈው ለብቻው ለማሳየት የበቁት ግን ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ እነዚያው ኢቫንስ ናቸው። በ1913 በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ ከመቶ እጅ 13 ያህል ክሮሚየም ጨምረው ያቀለጡት የማይዝግ ብረትም የማይዝገው በዚሁ ዓይነት ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሆነው ይህ ልብስ፣ ቢላ ቢጭረውም ኦክሲጅን እስካገኘ ድረስ ወዲያው ይጠገናል። በሕንድ አገር በዴልሂ አንድ ሺሕ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ለዝናብና ለፀሐይ ተጋልጦ የቆመው የብረት ዓምድ ሲመረመርም፣ ዝገት ሳይነካው የቀረ ሆኖ አልተገኘም፤ በውስጡ ያለው ፎስፎረስ ረድቶት የገዛ ዝገቱ ጥብቅ መከለያ ሆኖለት ተገኘ እንጂ።

አስተውለን እንመልከት፤ ብረትን የሚያጠፋው ኦክሲጅን ነው፤ ብረትን የሚጠብቀው ሽፋንም የተሠራው ከዚያው ከኦክሲጅን ነው። ፈተና ለአንዱ መውደቂያ፣ ለሌላው መጽኛ ሆኖ የሚገኘው በቅዱሳን ገድል ብቻ አይደለም፤ በፍጥረት ሥርዓት ውስጥም ተጽፏል። ስለዚህ አንድን ነገር መጠበቅ ማለት ከዓለም መለየት፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን መቆለፍ ማለት ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን፤ ከሁሉ የሚሻለው ጥበቃ ነገሩ ከሚገጥመው ዓለም ጋር በሚገባ እንዲገናኝ ማዘጋጀት ነው። ልጁን ክፉ ቃል እንዳይሰማ በቤት ዘግቶ ያሳደገና፣ ክፉ ቃል በሰማ ጊዜ የሚጸናበትን ልብ ሰጥቶ ያሳደገ ሁለት አባቶች፣ ሁለቱም ጠባቂዎች ናቸው፤ የአንደኛው ጥበቃ ግን በሩ የተከፈተ ዕለት ያበቃል።

ከዚህ ሌላ ደግሞ በሌላው ጥፋት የሚፈጸም ጥበቃ አለ። በአገራችን በከተማም በገጠርም ቤትንና ቤተ ክርስቲያንን የሚከድነው ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ በላዩ የተቀባው ዚንክ ውሃና አየርን ከመከልከሉም በላይ፣ ምስማር በበሳውና መቀስ በቆረጠው ስፍራ ብረቱ ራቁቱን በሚቀርበት ጊዜ፣ በብረቱ ፈንታ እርሱ እየሟሟ ብረቱን ያቆየዋል። ዚንኩ ሲያልቅ ቆርቆሮው መቅላት ይጀምራል። በዚህ ነገር ላይ ተነሥቶ ስለ መሥዋዕትነት ረጅም ስብከት መስበክ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ዚንኩን አላመሰግነውም፤ መሥዋዕትነት ፈቃድን ይሻልና። ምስጋና የሚገባው፣ አንዱ ነገር ስለ ሌላው እንዲያልቅ በጥበብ ያዘጋጀውና፣ የሚያልቀው ከማለቁ በፊት እንዲተካ የሚተጋው ሰው ነው።

ይህን ጥበቃ መጀመሪያ በሊቅ ዓይን ያዩት የእንግሊዙ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሃምፍሪ ዴቪ ናቸው፤ የእርሳቸውም ታሪክ ለያዝነው ጥያቄ ትልቅ ትምህርት አለው። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች እንጨት የሚበላው የባሕር ትል እንዳያበሳቸው ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሆዳቸው በመዳብ ሳንቃ ይለበጥ ነበር፤ ባሕሩ ግን መዳቡን እያሟሟ ስለ ጨረሰው የባሕር ኃይሉ ሹማምንት መድኃኒት እንዲፈልጉ ዴቪን ለመኗቸው። ዴቪም በ1824 መዳቡ ላይ ጥቂት ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ፣ መዳቡ መሟሟቱን ፈጽሞ እንደሚያቆም በሙከራ አሳዩ፤ በመርከቦችም ላይ ሲሠራ እንዳሉት ሆነ፤ መዳቡ ዳነ። ይሁን እንጂ መርከቦቹ ብዙም ሳይቆዩ እየከበዱ፣ ፍጥነታቸው እየቀነሰ ሄደ፤ ሆዳቸው ቢታይ የባሕር አረምና ዛጎል ለባሽ እንስሳት እንደ ደን በቅለውበት ተገኙ። ለካ መዳቡ ቀስ በቀስ ሲሟሟ ወደ ውሃው የሚሰደው መርዝ ነበረ እነዚያን ሕያዋን ሲከለክል የኖረው፤ መሟሟቱ በቆመ ጊዜ መከላከሉም ቆመ። መዳቡ ስለ ዳነ መርከቡ ታሰረ፤ ያም መፍትሔ ከመርከቦቹ ላይ እንዲወርድ ተደረገ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በሳይንሱ ስሕተት አልተገኘም፤ ዴቪ እንደሚሆን የተናገሩት ሁሉ ሆኗል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፦ መዳቡ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ መርከቡ፣ መርከቡም ስለ መንገዱ የተሠራ መሆኑ ተዘነጋ። ጥፋት ሁሉ ኪሳራ አይደለም፤ አንዳንዱ ነገር አገልግሎቱ በማለቁ ውስጥ ነው፤ እንደዚህ ያለውን ነገር ሳይጎድል እናቆየው ማለት አገልግሎቱን መንፈግ ነው። በወንጌል ምሳሌ ውስጥ መክሊቱን በመሬት የቀበረው ባሪያ፣ የተሰጠውን አንዲት ሳያጎድል መልሷል፤ የተፈረደበት ግን ስለዚሁ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ዝገትን ምስክር አድርጎ ያቆመባቸው ባለጠጎችም፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ከልክለው ያከማቹ ነበሩ፤ ብራቸው የዛገው ለሚገባው ሰው ሳይደርስ በመቀመጡ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት የሚነቅፉት እንግዲህ የሚያልፈውን ነገር መጠበቅን ሳይሆን፣ ነገሩ ስለ ማን እንደ ተሰጠ ረስቶ ስለ ራሱ ብቻ መጠበቅን ነው። ጠባቂና አከማቺ የሚለዩት በዚህች በአንዲት ነጥብ ነው።

ይህን ስል አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የሮማው ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒዩስ ስለ ፍጥረት በጻፈው መጽሐፍ፣ ብረት ለእርሻና ለሕንፃ የሚጠቅመውን ያህል ለጦርነትና ለነፍስ ግድያ ስለ ዋለ፣ ተፈጥሮ በቸርነቷ ዝገትን የብረት ቅጣት አድርጋ እንዳዘዘችበት ተናግሯል። በእርሱ አስተያየት ዝገት ፍርድ ነው፤ ሰይፍ የማይዝግ ቢሆን ኖሮ ዓለም ምን በሆነች! እንግዲህ ዝገትን የሚከለክል ሊቅ ፍርድን የሚከለክል፣ የገዳይን መሣሪያ ዕድሜ የሚያራዝም አይሆንምን? ዴቪስ የደከሙት ለጦር መርከብ አይደለምን? ተቃውሞው የዋዛ አይደለም፤ ነገር ግን ዝገት ዳኛ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት አለ፤ ሰይፉንና ማረሻውን አይለይምና። የጨቋኙን ሰንሰለት እንደሚበላ ሁሉ የሐኪሙን መቀስና የመንደሩን የውሃ ቧንቧ ይበላል። መለየት ለሰው ኅሊና የተሰጠ ሥራ ነው፤ ሰው ይህን ሥራ ለዝገት ቢተው ፍርዱን ከፍርድ አደባባይ አውጥቶ ለዕውር ዳኛ መስጠቱ ነው። የጥበቃ ዕውቀት ያለው ሊቅ እንግዲህ እንዴት ይጠበቃል ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ ምን ሊጠበቅ ይገባል ብሎ እንዲጠይቅ ኅሊናው ያስገድደዋል፤ ዕውቀቱ በላቀ መጠን ይህ ዕዳው ይከብዳል።

ጥበቃ ስለ ማን እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው ጥበቃው በጎደለ ጊዜ ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ ላይ፣ ፖይንት ፕሌዘንት በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በ1928 የተሠራ ሲልቨር ብሪጅ የሚባል ድልድይ ነበር። ድልድዩ ተንጠልጥሎ የቆመው ጫፍና ጫፋቸው በተበሳ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ሰንሰለት ነው፤ በእያንዳንዱም የሰንሰለት ክፍል የነበሩት ዘንጎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ማታ፣ ሰው ሁሉ ከሥራና ለልደት በዓል ከሚገዛው ዕቃ ገበያ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከዘንጎቹ አንዱ በተበሳው ዓይኑ ላይ ተሰነጠቀ፤ ጓደኛው ብቻውን ሊሸከም አልቻለም፤ ድልድዩ በሙሉ በላዩ ከነበሩት መኪናዎች ጋር ወደ ወንዙ ወረደ፤ 46 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ብረቱን ከውሃ አውጥተው ሲመለከቱ፣ ለዚህ ሁሉ ሞት መነሻ የሆነውን ስንጥቅ አገኙት፤ ጥልቀቱ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ዝገትና የክብደት ጫና ተጋግዘው በአርባ ዓመት ውስጥ ያበጁት፣ መጋጠሚያው ካልተፈታ በቀር ማንም ሊያየው በማይችልበት ስፍራ የተደበቀ ነበር። ኢቫንስ በጠብታይቱ ሥር ካሳዩት ከተሸሸገው ስፍራ ጋር በዚህ እንደ ገና እንገናኛለን፤ አሁን ግን በላዩ ሰዎች አሉበት።

በዚህ ድልድይ ነገር ላይ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገሮችን ሊለይ ይገባዋል። መሐንዲሶቹ በ1927 ሲነድፉት፣ እንደዚያ ያለ ብረት እንደዚያ ባለ አየር ውስጥ በዝገትና በጫና እንዲህ ሊሰነጠቅ እንደሚችል በዘመኑ የታወቀ አልነበረም፤ ያልታወቀውን ባለማወቅ ሰው አይኰነንም። ከጥፋቱ በኋላ ግን የአሜሪካ መንግሥት ድልድዮች ሁሉ በየጊዜው የሚመረመሩበትን ሥርዓት በሕግ አወጣ፤ ሥርዓቱም በ1971 ሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ የሚደርሰው ቸልታ ስሙ አለማወቅ ሊሆን አይችልም። በዚያው በ1971 በእንግሊዝ አገር፣ የኢቫንስ ደቀ መዝሙር የነበሩት ሆር የመሩት ጉባኤ፣ ዝገት በአገሪቱ ላይ በየዓመቱ የሚያደርሰው ጉዳት 1,365 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለት ከአገሪቱ ጠቅላላ ገቢ በመቶ 3.5 ያህል መሆኑን አስታወቀ። ከዚህ ገንዘብ ይልቅ ልብን የሚነካው ከእርሱ ጋር የተነገረው ሌላ ቃል ነው፤ ከጉዳቱ ከአራቱ እጅ አንዱ ያህል፣ አዲስ ነገር ሳይፈለሰፍ፣ ቀድሞ በታወቀው ዕውቀት ብቻ ሊቀር ይችል ነበር። ሊቃውንቱ የድርሻቸውን ፈጽመዋል፤ ዕውቀቱ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ነበረ፤ ከመደርደሪያው አንሥቶ ወደ ቧንቧው፣ ወደ ድልድዩ፣ ወደ መርከቡ የሚያደርሰው ትጋት ግን አልነበረም።

የጥያቄያችን ልብ ያለው በዚህ ስፍራ ይመስለኛል። የብረት ወደ አፈር መመለስ ኃጢአት አይደለም፤ የሰው ዕውቀት ውስንነትም ኃጢአት አይደለም፤ በሚታወቀውና በሚደረገው መካከል ያለው ርቀት ግን በኅሊና ፊት የሚያስጠይቅ ነው፤ ማድረግ የሚገባውን በጎ ነገር እያወቀ የማያደርግ ሰው እንደሚበድል ሐዋርያት አስተምረውናልና። ሁሉ ያልፋል የሚለው ቃል፣ በመነኩሴ አፍ ሲነገር ራስን ከስስት መግዣ ነው፤ ድልድይ በተሰጠው ሹም አፍ ሲነገር ግን የሌላውን ሰው ነፍስ ማቃለያ ይሆናል። መነኩሴው የሚንቀው የራሱን ንብረት ነው፤ ሹሙ የሚንቀው በእምነት መኪናውን የሚነዳውን መንገደኛ ነው። አንዱ ቃል በሁለት አንደበት እንዲህ ይለያያል።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ የሚያልፈውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ኅልፈትን የካደ አይደለም፤ የዝገት ሊቅ ብረት ለዘለዓለም ይኑር አይልም፤ ለታሰበለት አገልግሎት የሚበቃ ዕድሜ ይኑረው፣ ሲያልፍም በሰው ላይ ሳይወድቅ በጊዜውና በሥርዓቱ ይለፍ ይላል እንጂ። ከዘለዓለም የሚያንሰው ዘመን ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው፣ ጌታችን የራበውን ማብላት፣ የታመመውን መጠየቅ ያዘዘን ነገ ተመልሰው ለሚርበውና ለሚታመመው ሥጋ መሆኑን ያላስተዋለ ነው። ለጊዜው መኖርም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያልፍበት መንገደኛ ደግሞ የማታልፍ ነፍስ ያለችው ነው።

እኛ ግን ክብርን የምናካፍለው በተገላቢጦሽ ነው። ድልድይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ስም በእብነ በረድ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በድልድዩ ሥር ገብቶ መጋጠሚያውን በመዶሻ የሚያዳምጠው፣ ቀለሙን የሚፍቀውና የሚቀባው ሰው ስሙ አይታወቅም፤ ሥራውን በሚገባ ከፈጸመ ምንም ነገር ስለማይደርስ፣ ያልደረሰን ነገር የሚያመሰግን አይገኝም። የሚሠሩ ሰዎች ገና ሲነድፉ የጠባቂውን ድካምና ደመወዝ በዋጋው ውስጥ ይቊጠሩ፤ ትምህርት ቤቶች ከመሥራት ጥበብ ጋር የመጠበቅን ጥበብ ያስተምሩ፤ በዐውደ ምሕረት የሚቆሙ መምህራንም ስለ አደራ ሲሰብኩ፣ ከገንዘብ ያዡና ከዳኛው ቀጥለው ይህን ስም የለሽ ሰው በስሙ ይጥሩት፤ ባልንጀራውን እንደ ራሱ የወደደው፣ ፊቱን ሳያየውና ምስጋናውን ሳይጠብቅ ነውና።